ሐይቁን የዞረው ሯጭ

አንድ ሯጭ ነበረ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ፤ ፊትህን አታጥቁርብኝ፣ መልሱ የሚመጣው በዚህ ሰውዬ በኩል ነው። ስሙ ይርዳው ይባላል።

በሚኖርበት ከተማ ዳር አንድ ሐይቅ አለ። በዓመት አንድ ቀን የከተማው ሰው ይህን ሐይቅ ሲዞር ይውላል። ጀማሪውም፣ አንጋፋውም፣ ወፍራሙም፣ የሚያነክሰውም ደረቱ ላይ ቁጥር ለጥፎ በፈለገው ሰዓት ይገባል፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ የቻለውን ያህል ይዞራል። አንዱ ዙር አምስት ኪሎ ሜትር ነው። አንዴ ዞሮ ጥላ ሥር የተዘረረውም፣ ሃያ ጊዜ የዞረውም እኩል ይጨበጨብለታል። ብቻ ማታ ላይ ብዙ የዞረውና የቀኑን ፈጣን ዙር የሮጠው ሰው ስማቸው በድምፅ ማጉያ ይጠራል። ይርዳው ደግሞ ስሙ ሲጠራ ደስ የሚለው ሰው ነበር።

የሩጫው ደንብ ሁለት ነው። ፈጣኑ ዘገምተኛውን ሲያልፍ ትከሻውን ነካ አድርጎ «በርታ» ይለዋል፤ የታለፈውም «እለፍ» ብሎ ይመርቀዋል። ሁለተኛው፣ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ሰው ከሰው እንዳይጋጭ፣ ወደ ኋላ ዞሮ የሮጠ ሰው እስከዚያ የዞረው ሁሉ ይሰረዝበታል።

ይርዳው ታላቅ ወንድም ነበረው። ከተኳረፉ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። እናታቸው ያረፈች ዕለት ይርዳው ሌላ ከተማ ሊወዳደር ሄዶ ነበር። መርዶው ደርሶታል፤ እሱ ግን ሩጫውን ጨርሶ ነው የተነሣው። ሲደርስ አፈሩ ተመልሶ ሰው ወደ ድንኳን ገብቷል። ታላቁ በለቀስተኛው ሁሉ ፊት፣ «አንተ እናት የለህም፤ ያለህ እግር ብቻ ነው» አለው። ቃሉ ግማሹ እውነት ስለነበር አጥንቱ ድረስ ዘለቀ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ከተማ እየኖሩ የእግዜር ሰላምታ እንኳ የላቸውም።

በዚያ ዓመት ከቀትር በኋላ ታላቁ ወንድም ቁጥር ለጥፎ ሐይቁ ዳር መጣ። ልቡን የሚያመው፣ በከዘራ የሚሄድ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሮጦ የማያውቅ ሰው ነው። ታናሹ ቤት ቢሄድ በር እንደሚዘጋበት ያውቃል። እዚህ ግን ታናሹ ወደደም ጠላም በየግማሽ ሰዓቱ በአጠገቡ ማለፉ አይቀርም። ይህን ብልሃት ባሰብኩት ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ይርዳው አሥራ ሁለት ዙር ጨርሶ ነበር። ከሩቅ ሲያየው አወቀው። ትከሻውን ላለመንካት ሲል ከመንገዱ ወጥቶ በሣሩ ላይ ዞሮ አለፈው። ታላቁ ግን ማንም ሳይነካው «እለፍ» አለ።

ይርዳው ዞሮ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ታላቁ መንገዱ ላይ ቆሞ ጠበቀው። «ይርዴ፣ አንዴ ቁምልኝ። አንዲት ቃል ብቻ።»

«በሚቀጥለው ዙር!» አለ ይርዳው፣ ፊቱን ሳያዞር።

ከዚህ በኋላ ግን እግሩ ከባድ ሆነበት። ታላቁ ከስቷል፣ አንገቱ ሸሚዙ ውስጥ ይዋኛል። አምስት ዓመት ሙሉ ሲያጠነክረው የኖረው ቂም ከእጁ እንደ ውሃ ሲፈስ ታወቀው። «አሁን ስደርስ እቆማለሁ» አለ ለራሱ። ከልቡ ነበር፤ ይህን እንድታውቅለት እፈልጋለሁ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲደርስ ታላቁ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ አብራው ስታዘግም የዋለች አንዲት አሮጊት አለች። ይርዳው ሊቆም ሲል በዙር ብዛት የሚፎካከረው የአንድ ሯጭ ኮቴ ከኋላው ተሰማው። ይርዳው እየሮጠ የታላቁን ትከሻ ነካ አደረገና፣ «በሚቀጥለው፣ ጋሼ! እርግጠኛ!» አለው። በአምስት ዓመት ውስጥ ጋሼ ሲለው ያ የመጀመሪያው ነው። የታላቁ ፊት በራ።

ሁለት መቶ እርምጃ ያህል እንደሄደ አሮጊቷ፣ «ኧረ ሰው! ኧረ ድረሱ!» ብላ ጮኸች። ይርዳው ቆሞ ዞረ። ከዘራው መሬት ላይ ወድቋል፣ ሰው እየተሰበሰበ ነው።

እንግዲህ ስማኝ። መኻላቸው ያለው ሁለት መቶ እርምጃ ነው። ይርዳው ግን በዙር የኖረ ሰው ነውና በዙር አሰበ። «ወደ ኋላ ብመለስ የቀኑ ልፋቴ ገደል ገባ። ወደ ፊት ብሮጥም መድረሻዬ ያው እሱ ዘንድ ነው» አለ። ከዚያም ወደ ፊት ሮጠ።

እንደዚያ ሮጦ አያውቅም። «መጣሁ ጋሼ፣ መጣሁ» እያለ፣ እንባው ከላቡ እየተቀላቀለ፣ የሚያልፋቸውን ሰዎች ትከሻ ሳይነካ ሐይቁን ሙሉውን ዞረ። ሲደርስ በታላቁ ፊት ላይ ነጠላ ተጥሎ ነበር።

አሮጊቷ ቀና ብላ አየችው። «አንተ ነህ ታናሽየው?» አለችው። «ተሸክመን ወደ ሐኪም እናድርስህ ብንለው እምቢ አለን እኮ። ‹ወንድሜ አሁን ዞሮ ይመጣል፤ እዚሁ አቆዩኝ› አለ። ሣሩን ጨብጦ አልነሣም አለን።»

«ሌላስ ምን አለ?»

«ሌላውን ለአንተ ነው ያስቀመጠው፣ ልጄ።»

ምን ሊለው እንደነበር እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ማታ ላይ፣ የሆነውን ያልሰማው አስተናጋጅ ድምፅ ማጉያውን ይዞ የቀኑን ፈጣን ዙር አነበበ። የይርዳው ነበረች፤ ያቺው የመጨረሻዋ። ሰዉም አጨበጨበ።

አንተ ደግሞ፣ «ወንድሜን ይቅርታ ልጠይቀው ከቆረጥሁ ሰንብቻለሁ፤ ግን ሽማግሌ እስክልክ፣ ቤቴንም አድሼ በፋሲካ እስክጠራው ብቆይ ምን አለበት?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ይርዳውም ቆርጦ ነበር። እየሄደ የነበረውም ወደ ወንድሙ ነው፤ ያውም በሩጫ። ፋሲካ ዞሮ መምጣቱን እኔም አልጠራጠርም። ወንድምህ ግን የቀረው ከኋላህ ነው፣ አንተም የምታፍረው ዞሮ መመለሱን ነው እንጂ ሽማግሌ አጥተህ አይደለም። ይቅርታ ለመጠየቅ በረዥሙ የሚዞር ሰው፣ በመንገዱ ሁሉ ደግ ነኝ እያለ ይሄዳል፤ የሚጠብቀው ሰው ግን ይህን አያይለትም።

ቤቱ ከዚህ ሁለት ፌርማታ ነው። ሻዩን ተወውና ተነሥ።