መጀመሪያ የሄደችበት ቤት

አንዲት ሴት ነበረች። ጧት ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ቤተ ሙከራ ትገባለች፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ትወጣለች። ሥራዋ ቫይረስ ማጥናት ነው። ስሟ ትርሲት ይባላል፤ ዶክተር ትርሲት።

የትኛውን ቫይረስ? ኢንፍሉዌንዛን። እኛ ጉንፋን ነው ብለን የምንንቀውን፣ ሽማግሌና ሕፃን ላይ ሲደርስ ግን ሳንባ ይዞ የሚያስጨንቀውን። እሱንና እሱን የመሰሉትን ስታጠና ወጣትነቷ አለፈ። እነዚህ ቫይረሶች ከላያቸው ስስ የስብ ሽፋን አላቸው። ሽፋኑ ከተቀደደ አለቀላቸው። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ የምትባሉት ለምን ይመስላችኋል? ሳሙና ያንን ስብ ስለሚያሟሟው ነው። ግን ሳሙና ለእጅ ነው። ሳሙና ወደ ሳንባው የሚስብ ሰው አለ? የለም። ስለዚህ ትርሲት የምትፈልገው ሌላ ነገር ነበር፤ የቫይረሱን ሽፋን የሚቀድ፣ የሰውን ሳንባ ግን የማይጎዳ መድኃኒት።

አንድ ቀን አገኘችው። ከቆላ የመጣ ቅጠል ነው። ቅጠሉን ዘፍዝፋ፣ አጥልላ፣ ውሃውን በቫይረሱ ላይ ስታደርገው ሽፋኑ ተቀደደ። ሽፋን ያላቸውን ሌሎች ቫይረሶች ሞከረች፤ የእነሱም ተቀደደ። ሽፋን የሌላቸውን ሞከረች፤ ምንም አልሆኑም። «ልክ ነው! የሚሠራው ሽፋኑ ላይ ነው» አለች። ደስታዋን አስቡት። ደጋግማ ሠራችው፤ ሁልጊዜ ያው ነው።

ከዚያ በኋላ ስሟ ወጣ። በሬዲዮ ተናገረች። ውጭ አገር ጠሯት። የምርምር ክፍሉ ኃላፊ አደረጓት። ቅዳሴ ስታስቀድስ እናቶች ልብሷን ይዘው «የኛ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ» ይሏት ነበር። በመጨረሻም መድኃኒቱ በእንፋሎት መልክ ተዘጋጅቶ ለጥቂት በጎ ፈቃደኞች እንዲሰጥ ተፈቀደ።

ከበጎ ፈቃደኞቹ የመጀመሪያው ማን ነበሩ? ጋሼ ንጋቱ። ደብረ ብርሃን የሚኖሩ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ትርሲትን ልጅ ሳለች ሳይንስ ያስተማሯት፣ አባቷ ከትምህርት ቤት ሊያስወጣት ሲል ቤቱ ድረስ ሄደው የተሟገቱላት እሳቸው ናቸው። ሳንባቸው የታመመ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ በመጣ ቁጥር ጉንፋን ይይዛቸውና ከሞት አፋፍ ይመለሳሉ። ሐኪማቸው ክትባት አዟል፤ በየቀኑ የሚስቡትም መድኃኒት አዟል። እሳቸው ግን ሁለቱንም ትተውታል። «ተማሪዬ መድኃኒት ሠርታልኛለች፤ የእሷን እጠብቃለሁ» ይላሉ። ሰው ሲመክራቸውም ይቆጣሉ።

እንግዲህ ምን ሆነ? ትርሲት ቅጠሉን የምትዘፈዝፈው በብርጭቆ ዕቃ ነበር፤ እየታጠበ እንደገና የሚሠራበት ዕቃ። ለማነጻጸሪያ የምትጠቀምበት ንጹህ ውሃ ደግሞ በአዲስ ፕላስቲክ ይቀመጣል። ይህን ልዩነት ማንም ከቁም ነገር ቆጥሮት አያውቅም። ለበጎ ፈቃደኞቹ መድኃኒት ሲዘጋጅ ግን አዳዲስ የፕላስቲክ ዕቃዎች መጡና ቅጠሉን በእነሱ ዘፈዘፈች።

ምንም አልሠራም።

ቅጠሉ ያረጀ ይሆናል አለች። ሌላ ቅጠል አስመጣች። እሱም አልሠራም። ወቅቱ ይሆናል አለች፤ ሙቀቱ ይሆናል አለች። ወገኖቼ፣ ሰው ማየት የማይፈልገው ነገር ከፊቱ ሲቆም ስንት ምክንያት ይፈጥራል!

በመጨረሻ ማድረግ የፈራችውን አደረገች። ከታጠቡት የብርጭቆ ዕቃዎች አንዱን አነሣች። ቅጠል አልጨመረችበትም። ንጹህ ውሃ ብቻ ሞላችው፤ አሳደረችው፤ ያንን ውሃ በቫይረሱ ላይ አደረገችው።

ሽፋኑ ተቀደደ።

ቅጠሉ አልነበረም። ዕቃው ሲታጠብ ተጣብቆ የቀረው ሳሙና ነበር። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ክብር፣ ሳሙና ነበር። ትርሲት እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ጓንቷን እንኳ ማውለቅ አቃታት።

የተቋሙ የበላይ አለቃ ዶክተር ፈለቀ ይባላሉ። ልብ በሉ፣ ክፉ ሰው አይደሉም። የነገረቻቸውን ሰምተው በሩን ዘጉና አጠገቧ ተቀመጡ።

«ይህን ከአንቺና ከእኔ በስተቀር ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ሙከራው ተራዝሟል እንበል። ዛሬ የቅጠል እጥረት፣ ነገ ሌላ ነገር። ቀስ እያለ ይረሳል። ውሸት ተናገሪ አላልኩሽም፤ ዝም በይ ነው ያልኩሽ።»

«የሚጠብቁትስ ሰዎች?»

«ሲዘገይባቸው ይተውታል።»

«ጋሼ ንጋቱ አይተዉትም» አለች። «አስተማሪዬ ናቸው። የሐኪሙን መድኃኒት ጥለው የእኔን እየጠበቁ ነው። ዝም ብዬ እንደምን ላስጠብቃቸው? ብሰጣቸውስ የምሰጣቸው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ ምንም፣ ወይ ሳሙና።»

«ስምሽ ይጠፋል፣ ትርሲት» አሏት ዶክተር ፈለቀ።

«አውቃለሁ።»

እስቲ ልጠይቃችሁ። እናንተ ብትሆኑ መጀመሪያ ወዴት ትሄዱ ነበር? ወደ ጠበቃ? ወደ ጋዜጠኛ? ወደ አልጋችሁ? ትርሲት በማግስቱ መኪናዋን አስነሥታ ወደ ደብረ ብርሃን ሄደች።

በሩን የከፈቱላት የጋሼ ንጋቱ ባለቤት እትዬ አስካለ ናቸው። አቅፈው ሳሟት፤ ምግብ ሊያቀርቡ ተጣደፉ። ጋሼ ንጋቱ ትራስ ተደግፈው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ትንፋሻቸው ከሩቅ ይሰማል። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

«መጣሽልኝ! መቼ ነው የምንጀምረው?»

«ጋሼ፣ መድኃኒቱ የለም።»

«ዘገየ?»

«አልዘገየም። የለም። ተሳስቻለሁ።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። ብርጭቆውን፣ ሳሙናውን፣ ውሃውን። ሳይንስ አስተማሪ ናቸውና ገና ሳትጨርስ ገባቸው።

«ያ ሁሉ ዓመት?» አሉ።

«ያ ሁሉ ዓመት።»

ይህን ጊዜ እትዬ አስካለ የያዙትን ሳህን አስቀመጡና «አንቺን አምኖ አይደለም እንዴ የሐኪሙን የተወው! ስለምነው፣ ሳለቅስለት፣ ‹ትርሲት አለችልኝ› እያለኝ!» ብለው ጮኹ። ያሉት ሁሉ እውነት ነው።

ጋሼ ንጋቱ እጃቸውን አንሥተው ባለቤታቸውን ዝም አሰኙ። ትንፋሽ እስኪያገኙ ቆዩ።

«አዝኛለሁ፤ አልዋሽሽም» አሉ። «ለሌሎቹ ተናግረሻል?»

«ገና ነኝ። መጀመሪያ ወደ እርስዎ መጣሁ።»

«ለምን?»

«የእኔን ቃል ይዘው የተቀመጡት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ያለቅሱ ይሆን፣ ያስቡ ይሆን፣ አላወቀችም። እንደገና ሲዞሩ ግን ብርድ ልብሱን ከእግራቸው ላይ ገፈፉት።

«እንግዲያው ሐኪሙ ጋ ውሰጂኝ» አሉ። «ጫማዬን አቀብይኝ።»

ጎንበስ ብላ ጫማቸውን አደረገችላቸው። ደግፋ መኪና ውስጥ አስገባቻቸው። ክትባቱን ሲወጉ አጠገባቸው ቆመች። የሚሳበውን መድኃኒት ሐኪሙ እንደገና ሲያሳያቸው እሷም አብራ ተማረች።

ከዚያ በኋላ ነው ለቀሩት በጎ ፈቃደኞች የነገረችው፣ ባልደረቦቿንም በአዳራሽ ሰብስባ የተናገረችው። «ያገኘሁት መድኃኒት አልነበረም፤ ሳሙና ነበር» ስትል ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር። ጋዜጣው ቀለደባት። ኃላፊነቷን ወሰዱት። ልብሷን ይይዙ ከነበሩት እናቶች አንዳንዶቹ ሲያዩዋት መንገድ ቀየሩ። ዳር ያለች ጠባብ ክፍል ሰጧትና እዚያ ሆና ቫይረሶቿን ማጥናት ቀጠለች።

መጨረሻ ላይ እውነተኛውን መድኃኒት አገኘች፣ ዓለም አጨበጨበላት ብላችሁ ጠብቃችኋል? አላገኘችም። ጡረታ እስክትወጣ አላገኘችም። ነገር ግን ንግግሯን የሰማ አንድ የሩቅ አገር ተመራማሪ ደወለላት። «እኛም ዕቃችንን እያጠብን ነበር የምንጠቀመው። ለሕሙማን ልንሰጥ የነበረውን አቁመናል» አላት። ከዚህ የበለጠ ሽልማት አልመጣም።

ጋሼ ንጋቱስ? መድኃኒታቸውን እየሳቡ፣ ክትባታቸውን እየተከተቡ ብዙ የብርድ ወራት ተሻገሩ። የልጅ ልጃቸውን ሠርግ አዩ። በመጨረሻ በእርጅና ዐረፉ። ትርሲት ለቀብር ሄደች፤ ከሕዝቡ ኋላ ቆመች። ከዚያች ቀን ወዲህ እትዬ አስካለ አነጋግረዋት አያውቁምና ወደ ድንኳኑ መግባት ፈራች። እትዬ አስካለ ከለቀስተኛው መካከል አዩዋት። ተነሥተው ወደ እሷ መጡ፤ እጇን ያዙ።

«ነይ» አሏት። «ከእኔ ጋር ተቀመጪ።»

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ንስሐ ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ራሳችን ነው። የእኔ ነፍስ፣ የእኔ ኃጢአት፣ የእኔ ሰላም። ትርሲት ግን ስለ ራሷ አልጀመረችም። ስሜ ምን ይሆናል ብላ አልጀመረችም። የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው፦ የእኔን ስህተት ተደግፎ የቆመው ሰው ማን ነው? አገኘችውና ወደ እሱ ሄደች።

አስተውሉ፣ ስትሳሳት ውሸታም አልነበረችም። በቅን ልብ ነው የተሳሳተችው። ዝም ብትል ግን ያ ቅን ስህተት ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ስም ያገኝ ነበር። ስንቶቻችን ነን «ዋሽቼ አላውቅም» የምንል፣ በዝምታችን ግን ሰው በከንቱ ተስፋ ያስቀመጥን?

«መድኃኒቱን ተወው፣ እኔ የምልህን አድርግ» ብላችሁ የመከራችሁት በሽተኛ የለም? ስለ አንዲት ሴት ያልተጣራ ወሬ አውርታችሁ፣ እጮኛዋ ትቷት፣ ዛሬም በዚያ ወሬ አንገቷን ደፍታ የምትኖር የለችም? ልጃችሁ «አባቴ ብሎኛል» ብሎ የያዘው፣ እናንተ ግን ልክ እንዳልሆነ ካወቃችሁ የቆየ ነገር የለም? አለ። እያንዳንዳችሁ ስሙን ታውቁታላችሁ። አሁን፣ እኔ ስናገር፣ ፊቱ መጥቶባችኋል።

ይቅር እንደሚላችሁ ቃል አልገባላችሁም። ሊጮህባችሁ ይችላል፤ ይገባችኋልም። ለዓመታት ሳያነጋግራችሁ ሊኖር ይችላል። የምትሄዱት ይቅርታ ልትቀበሉ አይደለም፤ ያ ሰው ወደሚያድነው ነገር እንዲሄድ መንገዱን ልትለቁለት ነው። ይቅርታውን እግዚአብሔር በጊዜው ያመጣዋል።

እንግዲህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በቀጥታ ወደ ቤታችሁ አትግቡ። ወደዚያ ሰው ደጅ ሂዱ። ምን ያህል ጊዜ እንደቀረው አታውቁም፤ እኔም አላውቅም። እግዚአብሔር እግራችሁን ያበርታ። ሂዱና አንኳኩ።