ፕለጊኑ ጠፍቶ የቀረው ቅጂ

አንዲት እናት ነበረች፣ ወገኖቼ። ልጇ ስልክ ካላነሳች መጀመሪያ የሚታያት አምቡላንስ ነው። ቀጥሎ የሚታያት ፖሊስ ጣቢያ ነው። "ሥራ በዝቶባት ይሆናል" የሚለው ሐሳብ የሚመጣላት በመጨረሻ ነው፤ ያውም ሰው ሲነግራት።

ሳቃችሁ አይደል? የሳቃችሁት ስለምታውቋት ነው። አንዳንዶቻችሁ ዛሬ ጠዋት መስታወት ውስጥ አይታችኋታል።

ይህች እናት አየለች ትባላለች፤ ኑሮዋ ሀዋሳ ነው። ምንታምር የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። ምንታምር ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቷታል። ኮምፒውተር ተምራ ተመርቃ በአንድ የዓይን ሕክምና በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። በእናቷ ልብ ውስጥ ግን ምንታምር አሁንም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ለምን?

በአሥራ አንድ ዓመቷ ቦሎቄ የተጣደበትን ምድጃ ሳታጠፋ ጎረቤት ልትጫወት ሄደች። ማድ ቤቱ ተቃጠለ። ሰው አልተጎዳም፣ ጌታ ይመስገን። አየለች ያን ቀን ልጇን አቅፋ፣ "በቃ አታልቅሺ፤ ይቅር ብዬሻለሁ፤ ረስቼዋለሁ" አለቻት።

ረሳችው?

ይኸው አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በቀን አምስት ጊዜ እየደወለች፣ "ቻርጀሩን ነቅለሻል? በሩን ቆልፈሻል? ሲሊንደሩንስ?" ትላለች። ልጅሽ ምን ትሠራለች ሲሏት፣ "ኮምፒውተር ላይ ናት፤ ግን ዝንጉ ናት፤ ልጅ ሆና ማድ ቤት አቃጥላብኛለች" ብላ ትመልሳለች። ስትጸልይ እንኳ፣ "ጌታ ሆይ፣ ይህችን ዝንጉ ልጄን ጠብቅልኝ" ነው የምትለው።

አንድ ሐሙስ ቀን፣ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ምንታምር ሦስት ጊዜ ተደውሎላት አላነሳችም። አየለች ነጠላዋን አንሥታ ባጃጅ ያዘች። የድርጅቱን ደረጃ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እየሮጠች ወጣች። በሩን ስትከፍተው ልጇ በሕይወት አለች። ተቀምጣ ኮምፒውተሯ ላይ የተከፈተ አንድ ጥቁር መስኮት ላይ አፍጥጣለች።

"አንቺ ልጅ! ስልክ የማታነሺው ምን ሆነሽ ነው?"

"እማዬ፣ ደህና ነኝ። እዚያ ጋ ቁጭ በይ። አሁን አታናግሪኝ።"

ልጇ እንዲህ ብላት አታውቅም። አየለች ቁጭ አለች። በልቧም፣ "በቃ፣ የሆነ ነገር አጥፍታለች። ዛሬ ትባረራለች" አለች።

ምን እንደ ተፈጠረ ልንገራችሁ። ድርጅቱ በሠላሳ ስምንት ከተሞች ይሠራል። ለእያንዳንዱ ከተማ ሰው በስልኩ ከፍቶ የሚያነበው አንድ ድረ ገጽ አለው፤ ሠላሳ ስምንቱም ሰርቨር በሚባል በአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠዋል። በማግስቱ ዓርብ ዓይናቸው ሞራ ለለበሰባቸው አረጋውያን ነጻ ቀዶ ሕክምና ነበር። ቦታው ዲላ እንደሚሆን ከወር በፊት ተነግሯል። የተመዘገበው ሰው ሲበዛ ሰፋ ያለ ቦታ ተፈለገና ወደ ይርጋለም ተዛወረ። በየከተማው ላሉት በጎ ፈቃደኞች፣ "ቦታው ተቀይሯል፤ የከተማችሁን ገጽ እዩ" የሚል መልእክት ተላከላቸው። እነሱም ገጹን ከፈቱ።

ገጹ ዲላ ይላል።

እንዴት? ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲከፍተው እንዳይዘገይ ድረ ገጹ ላይ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ይጨመርበታል። ፕለጊን ይሉታል። ሥራው ገጹን አንድ ጊዜ ቀድቶ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ለመጣው ሁሉ ያንኑ ቅጂ መስጠት ነው። ጥሩ ነው፤ ፈጣን ነው። የሚያስቸግረው መቼ ነው? እውነቱ ተለውጦ ቅጂው ሳይለወጥ ሲቀር ነው።

የምንታምር አለቃ አቶ ማቲዎስ ይባላል፤ መልካም ሰው ነው፣ ግን ችኩል ነው። አዲሱን ማስታወቂያ በየገጹ ገብቶ ከመጻፍ ይልቅ ከሰርቨሩ ላይ በአንድ ጊዜ ለሁሉም ለውጦት ነበር። ፕለጊኖቹ ይህን አላወቁም። አሮጌውን ቅጂ ማደል ቀጠሉ።

መጀመሪያ የደወሉት ከአለታ ወንዶ ጋሽ ላንቃሞ የሚባሉ በጎ ፈቃደኛ ናቸው። አለታ ወንዶ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ይርጋለም በሰሜን፣ ዲላ በደቡብ። ስድሳ ሰባት አረጋውያን በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ በአውቶቡስ ሊነሡ ነው። ወደየት ይሂዱ? ቢሳሳቱ ተራቸው ያልፋል። ሐኪሞቹ የሚመለሱት በዓመቱ ነው። ዓይኑ ለጠፋ ሰው አንድ ዓመት ስንት ነው፣ ወገኖቼ?

"የሁሉንም ቅጂ በአንዴ ጥረጊው!" አለ ማቲዎስ ከኋላዋ ቆሞ። "ምን ትጠብቂያለሽ?"

"ሁሉንም በአንዴ ብጠርገው ሠላሳ ስምንቱም ገጽ በአንድ ጊዜ አዲስ ሊሠራ ይነሣል። ይህን ሁሉ ሕዝብ ይዞ ሰርቨሩ ይወድቃል። ያን ጊዜ ዲላም ይርጋለምም አይታይም።"

"ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ምንታምር!"

"እኔም አብሬው እየሄድኩ ነው፣ አቶ ማቲዎስ።"

ይህን ያለችው ሳትዞር ነው። አየለች ደነገጠች። ከአለቃዋ ጋር እንዲህ ትነጋገራለች እንዴ?

ምንታምር ያን ጥቁር መስኮት የያዘችው ትእዛዝ የሚጻፍበት ስለሆነ ነው። አንድ መስመር ትጽፋለች፤ ሰርቨሩ ይመልሳል። መጀመሪያ የሠላሳ ስምንቱንም ፕለጊን ዝርዝር አስወጣች። ሠላሳ አምስቱ ይሠራል፤ ሦስቱ ጠፍቷል። ከዚያ በአንዱ ከተማ ብቻ ሞከረች። ገጹን ከፍታ አየች፤ ይርጋለም ይላል። ቀጥሎ የሚሠሩትን አንድ በአንድ፣ በመሃል እያሳረፈ እንዲጠርግ አዘዘችው። ስሞቹ ተራ በተራ እየወጡ ወረዱ፤ ከእያንዳንዱ ሥር "ተሳክቷል"፣ "ተሳክቷል" የሚል ጽሑፍ።

"ተገላገልን!" አለ ማቲዎስ፣ እጁን እያጨበጨበ። "ምሳ በእኔ ነው። እናቴ፣ እርስዎም ይነሡ።"

ምንታምር አልተነሣችም። ጋሽ ላንቃሞ ጋ ደወለች።

"ጋሽ ላንቃሞ፣ አሁን ይክፈቱትማ።"

"ከፍቼዋለሁ፣ ልጄ።"

"ምን ይላል?"

"ዲላ ነዋ!"

"የእሳቸው ስልክ አርጅቶ ነው" አለ ማቲዎስ። "ኮምፒውተሩ ተሳክቷል ብሏል እኮ።"

"እሱ ብሏል። እኔ አላየሁም" አለች ምንታምር። ወደ እናቷ ዞር ብላ እጇን ዘረጋች። "እማዬ፣ ስልክሽን ስጪኝ። ያንቺ ስልክ ይህን ገጽ ከፍቶ አያውቅም፤ የቆየ ነገር አልያዘም።"

የአለታ ወንዶን ገጽ ከፈተችና ለእናቷ መለሰችላት። "አንብቢልኝ።"

አየለች መነጽሯን አድርጋ አነበበች። "የዓይን ቀዶ ሕክምና... ዓርብ... ዲላ።"

ምንታምር ዝርዝሩን መልሳ አየች። አለታ ወንዶ፣ ይርጋ ጨፌ፣ ቦሬ። ፕለጊናቸው ጠፍቷል የተባለው እነዚያው ሦስቱ ናቸው።

"ማነው ያጠፋቸው?"

ማቲዎስ አንገቱን አከከ። "እኔ ነኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት። በሌላ ልተካቸው ብዬ። ግን ከጠፋ ምን ቅጂ አለው?"

አሁን የምትመልሰውን ስሙ፣ ወገኖቼ፤ ይህን ታሪክ ያመጣሁላችሁ ለዚህ ነው።

"ፕለጊኑን አጥፍተኸዋል። የቀዳውን ግን አላነሣኸውም። ሰርቨሩ ቅጂ ካገኘ ፕለጊኑ በርቷል ጠፍቷል ብሎ አይጠይቅም። ያገኘውን ለሰው ይሰጣል።"

እንግዲህ የቀረውን ቅጂ በእጅ ማንሣት ነበረባት። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ስታጠፋ ቅጂው የተቀመጠበትን አቃፊ፣ ፎልደር የሚሉትን፣ አድራሻ ብትሳሳት የምታጠፋው ቅጂውን ሳይሆን የሠላሳ ስምንቱንም ከተማ ገጽ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የሦስቱን መጠባበቂያ አስቀመጠች። አድራሻውን ጻፈች። ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ፣ "አቶ ማቲዎስ፣ አንተ ደግሞ አንብበው" አለችው። ያ ችኩል ሰው እንደ ተማሪ ፊደል በፊደል አነበበላት።

ጣቷ ቁልፉ ላይ ሲያርፍ አየለች አላስቻላትም። ተነሥታ እጅጌዋን ያዘቻት።

"ተይው ልጄ! አትንኪው። ሌላ ሰው ይንካው። በኋላ አንቺው ነሽ የምትጠየቂው!"

ምንታምር ቀና ብላ አየቻት። አልተቆጣችም።

"እማዬ፣ እኔ አንድ ጊዜ ምድጃ ሳላጠፋ ሄጃለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳላይ ከምንም ነገር ላይ ተነሥቼ አላውቅም።"

አየለች እጅጌውን ለቀቀች። ምንታምር ቁልፉን ተጫነች።

"እማዬ፣ እንደገና ክፈቺው።"

አየለች ከፈተች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደምታነብ ሰው፣ "ይርጋለም!" አለች። ወዲያው የምንታምር ስልክ ጠራ። ጋሽ ላንቃሞ ናቸው።

"ይርጋለም አለ! ይርጋለም! አትሜ በር ላይ እየለጠፍኩ ነው፤ ሹፌሩም እዚህ አጠገቤ ቆሟል!"

አሁንስ ተነሣች? አልተነሣችም። የእናቷን ስልክ መልሳ ተቀበለችና ከአንድ እስከ ሠላሳ ስምንት እያንዳንዱን ገጽ ከፍታ አየች። የምሳው ሰዓት አለፈ። ማቲዎስ ራሱን እየነቀነቀ ወደ አየለች ጠጋ አለ።

"እናቴ፣ ይህችን ልጅ ምን ብለው አሳድገዋት ነው እንዲህ ጠንቃቃ የሆነችው?"

የአየለች አፍ ከልማዱ የተነሣ ተከፍቶ ነበር። "ልጅ ሆና ማድ ቤት..." ልትል ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ለጠየቃት ሁሉ ያደለችው ቅጂ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። እዚያው ላይ ዋጠችው። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቀና ብላ፣ "እሷ ራሷ ነች እንዲህ የሆነችው። እኔ እናቷ ነኝ" አለች።

"እናቷ ነኝ" ያለችበትን አነጋገር ብትሰሙት! ስንት ዘመን ስትፈራበት የኖረችውን ቃል ያን ቀን ደረቷን ነፍታ ተናገረችው።

በማግስቱ አውቶቡሱ ከአለታ ወንዶ ወደ ሰሜን ሲነሣ አየለች ተንበርክካ ነበር። "ጌታ ሆይ፣ ይህችን ዝንጉ..." ብላ ጀመረችና አቆመች። እንደ ገና ጀመረች። "ጌታ ሆይ፣ ይህችን ጠንቃቃ ልጄን ስለሰጠኸኝ ተመስገን።" ከዚያ ደወለችላት። ቻርጀሩን ጠየቀቻት፤ ከመጠየቅማ መች ይቀራል? የጠየቀችው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

እናንተስ፣ ወገኖቼ?

"ይቅር ብዬዋለሁ" ትላላችሁ። አምናችኋለሁ። ቂሙን አጥፍታችኋል፤ አይሠራም። ግን የቀዳውን አንሥታችኋል? የባላችሁ ስም ሲነሣ ከአፋችሁ የሚወጣው የትኛው ዓመት ባላችሁ ነው? መጠጥ ከተወ ስምንት ዓመት የሆነውን ወንድማችሁን ለእንግዳ ስታስተዋውቁት፣ የምታስተዋውቁት የትኛውን ነው? ምራታችሁ በገባችበት ሳምንት ያበላሸችውን ወጥ ዛሬም እያወጣችሁ የምታቀርቡት ለምንድን ነው? ሰው የሚሰማው ያንን ነው። የሚያምነውም ያንን ነው። በእናንተ ቃል ተነሥቶ ወደ ደቡብ ይሄዳል፤ ልጃችሁ ግን በሰሜን ናት።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ አሮጌውን ቅጂ የያዛችሁት በራሳችሁ ላይ ነው። "እኔ እኮ ስምንተኛ ክፍል የወደቅሁ ነኝ።" "እኔ እኮ ያን ጊዜ ያንን ያደረግሁ ነኝ።" ጌታ የሚያያችሁ ዛሬ የሆናችሁትን ነው። ራሳችሁን ስትጠሩ ለምን በትናንቱ ትጠራላችሁ?

አንድ በአንድ ነው የሚነሣው። ሁሉንም በአንድ ቀን ልጥረግ አትበሉ፤ ትወድቃላችሁ። ከአንድ ሰው ጀምሩ። አድራሻውን ጮክ ብላችሁ አንብቡ፦ ስሙን፣ ጥፋቱን፣ ዓመቱን። አንሡት። ከዚያ "ተሳክቷል" ብላችሁ ምሳ አትውጡ። ቆዩና እዩ። በሌላ ሰው ፊት ስሙ ሲነሣ አፋችሁ ምን እንደሚል ስሙ።

ዛሬ ወደ ቤት ስትገቡ ልጆቻችሁ በር ይከፍቱላችኋል። የሚከፍትላችሁን ልጅ ፊት ደህና አድርጋችሁ እዩት። የዛሬውን። ከዚያ ጎረቤት እየሰማ፣ ሳትፈሩ፣ "የእኔ ልጅ ነው" በሉ።