ቀሪው ማን ነው?

አንዲት ሴት ትምህርት ቤት ተጠራች። ሄደች። «ልጅሽ ማካፈል አልገባትም» አላት መምህሩ። «ዛሬ እንደገና አያታለሁ። ካልቻለች ወደ ታችኛው ክፍል ትወርዳለች።»

ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ማካፈል እሷም አታውቅ! የነጠላዋን ጫፍ ታጣምማለች፣ ትፈታለች። ልጅ ፊት ለፊት ቆማ ስትፈተን እናት ምን ታደርጋለች? እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

መምህሩ ጠረጴዛው ላይ ሽምብራ ዘረገፈ። «ነይ ትርንጎ፣ ይህን አሥራ ሦስት ሽምብራ ለአራት ልጆች አካፍዪ።»

ልጅቱ አንድ አንድ እያለች አደለች። ለያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ደረሳቸው። አንዷ ፍሬ መዳፏ ላይ ቀረች።

«ጎሽ! ቀሪውስ?»

ትርንጎ ፍሬዋን መዳፏ ላይ አገላበጠቻት።

እናቲቱ በሆዷ «ተናገሪ እንጂ! ምነው ምላስሽ ተያዘ!» ትላለች።

«ቀሪው... ሙላት ነው።»

ልጆቹ አውካኩ። «ሙላት ሽምብራ ሆነ!» አለ አንዱ። መምህሩ እስክሪብቶውን አነሳ። እናቲቱን ላብ አጠመቃት። አለቀ፤ ልጄን ሊያወርዷት ነው አለች። መቀመጥ ግን አልቻለችም።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና ሙላት ማን ነው?»

«አብሯት የሚቀመጥ ልጅ ነው። ሰሞኑን አይመጣም። ስሙን ስጠራ ልጆቹ ‹ቀሪ!› ይላሉ...» አለና ንግግሩን አቋረጠ። ወደ ልጅቱ ዞረ። «ትርንጎ፣ የተረፈው ሽምብራ ስንት ነው?»

«አንድ ነዋ! ለአራት ልሰንጥቃት?»

መምህሩ ሳቀ። «ተቀመጪ። የትም አትወርጂም።»

እናቲቱ ተነፈሰች። ከልጇ ጋር ወደ ቤት ስትመለስ ግን ሌላ ነገር ከነከናት። «ለመሆኑ ሙላት ምን ሆኖ ነው?»

«እኔ እንጃ፣ እማ። ማንም አልጠየቀም።»

እህቶቼ፣ ሰማችሁ? ማንም አልጠየቀም! እኛስ? እዚህ ስንሰበሰብ «እከሊትስ?» ይባላል። «ቀርታለች» እንላለን። ከዚያ? ከዚያማ ወሬያችንን እንቀጥላለን። ታማ ይሆን? ልብስ አጥታ ይሆን? እኛው በአፋችን አቁስለናት ይሆን? አንጠይቅም። ጌታ ግን ይጠይቀናል። ያን ቀን «አላወቅንም» ልንለው ነው?

አትሸሹኝ። አጠገባችሁ ያለውን ባዶ ቦታ እዩ። የቀረችውን እህት ስም ታውቃላችሁ። ቤቷንም ታውቁታላችሁ። ዛሬ ወደ ቤት ስትሄዱ በዚያ በኩል ዙሩ። መንገዱ ይርዘም። በሯን አንኳኩ።