ውኃ የለቀቀው መሬት

አንድ ገበሬ ነበረ፤ የሚያርሰውን መሬት «የኔ ነው» ብሎ አያውቅም።

ታገሺ ሰርካለም፣ የጠየቅሽኝን እየመለስኩ ነው። የሐይቁ ዳር በአጥር ተዘጋ፣ የከተማው ሰው ሊከስ ነው፣ «የሁሉም ለሆነ ነገር ለምን የኔ ስም ይቅደም? ምን አገኛለሁ?» አልሽኝ። ይህ ገበሬም የሚኖረው ሐይቅ ዳር ነበር።

ክረምት ሲወጣ ሐይቁ ይሸሻል። ሲሸሽ ጥቁር ጭቃ ይተዋል። እዚያ ጭቃ ላይ ሽንብራ የዘራ ሰው ዝናብ አይለምንም። የመንደሩ ሌላ ማሳ ኮረብታ ላይ ነው፣ ድንጋይ ነው። ቤተሰቡን ከዓመት ዓመት የሚያሻግረው ውኃ የለቀቀው መሬት ነው። ውኃው ግን በመጣ ቁጥር ድንበር ያጠፋል። በድሮ ጊዜ ሁለት ወንድማማቾች በጠፋ ድንበር ተጋደሉ ይባላል።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ዕጣ ይጣላል። አንዱ ጠጠር ያመጣል፣ አንዱ ቅጠል፣ አንዱ የፍየል በጠጥ። ሁሉም በነጠላ ውስጥ ይገባል፤ የማንም ዘመድ ያልሆነ መንገደኛ ያወጣዋል። ከዚያ በፊት ግን ሽማግሌው እያንዳንዱን «መሬቱ የማነው?» ብለው ይጠይቃሉ። «የውኃው ነው» ብሎ መመለስ ነው። «የኔ ነው» ያለ ሰው ዕጣው አይገባም። የዚያን ዓመት ብቻ አይደለም፤ እስኪሞት።

ሽንብራው ተነቅሎ ካለቀ በኋላ የመሬት መሥሪያ ቤት ሰዎች መጡ። ለኩና ሄዱ። ዳሩ ባዶ መሬት ነው ተብሎ ለመዝናኛ ሆቴል ተሰጠ።

መንደሩ ከሰሰ። ችሎቱ ሞላ። ዳኛዋ መዝገቡን አገላብጠው፣

«ከመካከላችሁ መሬቱ የኔ ነው የሚል ማነው?» አሉ።

ፊት ለፊት ያለውን ሰው ጠየቁት።

«የኔ አይደለም፣ ክብርት ዳኛ።»

ከጎኑ ያለው «የኔም አይደለም» አለ። ሦስተኛው ሳይጠየቅ ተቆጣ።

«እኔ የኔ ነው የምል ዓይነት ሰው አይደለሁም። አገር ይጠየቅ።»

የመሥሪያ ቤቱ ነገረ ፈጅ ፈገግ አለ። «እኔ ልናገር የመጣሁትን እነሱ ጨረሱልኝ» አለ።

«ታዲያ የማነው?» አሉ ዳኛዋ።

«የውኃው ነዋ» አለ ሦስተኛው።

ዳኛዋ አልሳቁም። «ውኃ ከሳሽ አይሆንም» አሉ። «መብቴ ተነካ የሚል ሰው ፊቴ መቆም አለበት። አንድ ይበቃኛል። ከምሳ በኋላ ካልቆመ መዝገቡን እዘጋለሁ።»

ወጥተው ግቢው ውስጥ ግራር ሥር ተቀመጡ።

«አንተ በል» አለ አንዱ ጎረቤቱን። «ልጅ የለህ፣ ለአንድ ሆድ ኮረብታው ይበቃሃል።»

«ኮረብታው ለፍየሌ አልበቃ። እሷ እንኳ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች።»

«እንግዲያው ሽማግሌው ይበሉ። ከእንግዲህ ስንት ዓመት ሊያርሱ ነው?»

«እኔ ካልኩ ማን ሊጠይቃችሁ ነው?» አሉ ሽማግሌው። «እርስ በርሳችሁ ልትጠያየቁ?»

ሳቁ። ገበሬው አልሳቀም። ቤቱ ውስጥ ብዙ አፍ ነበረበት።

«አባ፣» አለ፣ «ችሎት ፊት የተባለ ነገር ዕጣ ፊት እንደተባለ ይቆጠራል?»

ሽማግሌው መልሱን ማውጣት አልፈለጉም፤ ግን ተጠየቁ።

«አፍ አንድ ነው» አሉ።

ከምሳ በኋላ ገበሬው ቆመ። «የኔ ነው» አለ።

«ከየት እስከ የት?»

«ከሾላው እስከ ደንገሉ። አምና አርሼዋለሁ፣ ዘርቼዋለሁ፣ ነቅዬዋለሁ። ሲሰጥ የጠየቀኝ የለም።»

ነገረ ፈጁ ብድግ አለ። «ጠዋት የማናችንም አይደለም ሲሉ አልነበር?»

«ጠዋት ክብርት ዳኛ እኔ ጋ አልደረሱም» አለ ገበሬው።

ዳኛዋ ጻፉ። የሚያርሰው ሰው እያለ፣ እሱ ሳይጠየቅ፣ ባዶ ነው ተብሎ የተሰጠ መሬት እንዳልተሰጠ ይቆጠራል አሉ። መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ውሳኔ አንድ ነበርና ሲሻር ለሁሉም ተሻረ።

ክረምቱ አለፈ፣ ውኃው ሸሸ። በዕጣው ቀን ገበሬው መጥቶ ከሰዎቹ ራቅ ብሎ ቆመ። ሽማግሌው ነጠላውን ለመዘርጋት ዘገዩ።

«ለኛ ብሎ ነው የተናገረው» አለ አንዱ። «ለሱ ሲባል ሥርዓቱ ቢታለፍስ?» ሌሎቹም ይሁን አሉ። ሽማግሌው ወደ ገበሬው ዞረው፣

«ና፣ ዕጣህን አምጣ» አሉት።

ገበሬው ካለበት አልተነቃነቀም።

«ካስገባችሁኝ ችሎት ፊት ያልኩት እውነት ይሆናል» አለ። «ከመሥሪያ ቤቱ ነጥቄ ለራሴ ሰጠሁት ማለት ነው። ለከርሞ ደግሞ ሌላው የኔ ነው ብሎ ይነሣል፤ እኔን ያስገባችሁ እሱን በምን ትከለክሉታላችሁ?»

ሽማግሌው ነጠላውን ዘረጉ። መንገደኛው ዕጣውን አወጣ። ጭቃው ተከፋፈለ። ገበሬው በሬዎቹን ወደ ኮረብታው ነዳ።

እንግዲህ ሰርካለም፣ ምን አገኛለሁ ነው ያልሽኝ። ምንም። ያ ሰው ያገኘው ድንጋይ ነው፤ ከዚህ የተሻለ አልዋሽሽም። የኛም ሐይቅ ዳር እንደዚያ ጭቃ ነው። እሑድ እሑድ ከተማው በሙሉ ይቀመጥበታል፣ የኔ የሚለው ግን የለም፤ አጥር የሚያጥረው ሰው የሚተማመነው በዚህ ነው። ችሎት ላይ «ሁሉም» ተብሎ ሲጠራ አቤት የሚል አይገኝም። ስለዚህ አንድ ሰው የሁሉን ነገር ለአንድ ቀን የኔ ማለት አለበት። ሲያሸንፍም መልቀቅ አለበት።

አንቺን ያስፈራሽ የመጀመሪያው ነው። እኔ የምፈራልሽ ሁለተኛውን ነው። አጥሩ ከተነሣ በኋላ ዳሩ ላይ ሰው ተቀምጦ ስታዪ፣ «እኔ ባልኖር ኖሮ» ያልሽ ቀን፣ የአጥሩን የመጀመሪያ እንጨት መልሰሽ ተከልሽ ማለት ነው።