አዲሷ ድስት ማንን ትጠይቅ?

የጎረቤቴ ልጅ ሰብለ፣ ያቺ ኮምፒውተር የምታዝዘው፣ «ኮምፒውተሩን በምናዝዝበት ቋንቋ ዕቃ የምንለው ነገር የማያውቀውን ሲጠየቅ መጀመሪያ ራሱን ይፈትሻል፤ ካጣ የተሠራበትን ወገን፤ ከዚያም ካጣ የወገኑን እናት» አለችኝ። «ይሄማ የድስቷ ተረት ነው!» አልኳት። ለእናንተም ላውጋችሁ፣ ጆሮ ስጡኝ።

ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን አንዲት አዲስ የሸክላ ድስት ነበረች። የገዛቻት ወይዘሮ አስካለ ችኩል ናት፣ ሰፈሩ ያውቃታል። «ነገ የልጄ ክርስትና ነው፤ በጠዋት እጥድሻለሁ» ብላ ጥግ አስቀመጠቻት።

ድስቷ ደነገጠች። «ወጥ ተሸክሜ እሳቱን እንዴት ነው የምችለው?» ብላ ራሷን ጠየቀች። ሆዷን አንኳኳች፤ ባዶ። አፏን አዳመጠች፤ ዝም። «ብሰነጠቅ አመድ ላይ እጣላለሁ። ሳላውቅማ አላድርም!» አለች።

ድመት ሰማች። ድመት ደግሞ ያልገባችበት ቤት የለም። «ምን ያስጨንቅሻል? ማዶ ቤት ድስት አለልሽ። ስሙ ድስት፣ ስምሽ ድስት። እሱን ጠይቂ» አለቻት።

እየተንከባለለች ሄደች። የማዶው ድስት ብረት ነው። «ጋሼ፣ እሳት ላይ እንዴት ነው የሚቀመጡት?»

«ዘጭ ብለሽ ነዋ! ነበልባል ምን ይለኛል?»

እሷም እዚያው ምድጃ ፍም ላይ ዘጭ አለች። ወዲያው ጠርዟ «ቋ!» አለ፤ ቀጭን ስንጥቅ ወጣባት። ዘላ ወረደች።

«ውይ፣ ክርስትናው ሳይደርስ!» ብላ ተከትላት የመጣች ድመት ሳቀች።

«ሳቂ። እኔ እንደሆነ አላቆምም» አለችና ቁልቁል ወንዝ ዳር ወደ አፈር ሄደች። «እማማ አፈር፣ እሳቱን እንዴት ልቻለው?»

«ልጄ፣ የሁላችሁም እናት ነኝ፤ የማውቀውም የሁላችሁን ነው፤ የመጣውን መጠጣት። እንስራውም ጡቡም ይህንኑ ከኔ ወስዷል። ወጥ መሸከም ግን ከኔ ወዲህ የመጣ ብልሃት ነው። ወገንሽን ዘለሽ መጣሽ! ተመለሺ፣ ከቅርብሽ ጀምሪ።»

«ወገኔ ማነው?»

«እንዳንቺ ከሸክላ፣ እንዳንቺ ለወጥ የተሠራች።»

ተመለሰች። ግቢው ውስጥ ዶሮዎች ውሃ የሚጠጡባት ስባሪ ገል አለች። ስትወጣ ስትገባ ሰላም እንኳ ሳትላት ነው ያለፈቻት! አሁን ቆመች። «እትዬ፣ ድሮ ምን ነበሩ?»

«የሸክላ ድስት ነበርኩ፣ የኔ ልጅ። ሠላሳ ዓመት እሳት አልረታኝም፤ የሰበረችኝ ይቺ ድመት ናት።»

ድመት ጭራዋን አጥፋ በአጥሩ ስር ሾለከች።

«ታዲያ እንዴት ቻሉት?»

«ተሟሽቼ ነዋ! የተፈጨ ጎመን ዘር ውስጥሽን ትቀቢያለሽ፣ ለዘብ ባለ እሳት ቀስ እያልሽ ትሞቂያለሽ፣ ቅባቱን ትጠጪያለሽ።»

«መጠጣቱንማ ከእማማ አፈር ይዤዋለሁ!»

«አየሽ፣ ያ ከእሷ ወረደልሽ፤ ማሟሸቱ ደግሞ ከኛ።»

ጠዋት ወይዘሮ አስካለ ጭራሮዋን አንቦገቦገችና ድስቷን አነሳች። ድስቷ «እሜቴ! ሳታሟሺኝ ብትጥጂኝ እንግዳሽ ደረቅ እንጀራ ነው የሚበላው!» ብላ ጮኸች።

አስካለ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆም አለች። እሳቱን ቀነሰች፣ ጎመን ዘር ፈጭታ ቀባቻት። ድስቷ ጠጣች፣ ጠጣች፤ ስንጥቋም ተደፈነ። የዚያን ቀን ወጡ ተንተከተከ፣ እንግዳው ጣቱን ላሰ፣ ድስቷም ከጉልቻው ላይ ንቅንቅ አላለችም። ድመት ብቻ በር ላይ አጥንት ስትጠብቅ ዋለች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሞክሼያችሁን ሰላም በሉ፤ ብልሃቱን ግን ከወገናችሁ፣ ከቅርቡ ጀምራችሁ ጠይቁ። ተረቴ ከእሳት ወረደች፤ የሰማ ይቅመሳት።