የማታውን ጠዋት ንገሪኝ

ካቻምና፣ ከመስቀል በኋላ ባለችው የመጀመሪያዋ ሰንበት፣ አቶ ላምቤቦ በዚህ በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ሰደበኝ። ስሰብክ ስኳሬ ወርዶ መድረኩ ላይ ተዝለፍልፌ ወድቄ፣ ለስላሳ አጠጥተው መልሰውኝ፣ በሁለት ወንድሞች ትከሻ ተደግፌ ስወጣ ነው።

"ገና ሲገባ ያስታውቅ ነበር" አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው። "ሰባተኛ ክፍል ያልጨረሰ ሰው እንኳን መጽሐፍ፣ የገዛ በሽታውንም ማንበብ አይችልም።"

ጠዋት በዚያው በር ስገባ እጄን ጨብጦ "ዛሬስ ፊትህ በርቷል" ያለኝ እሱው ነበር። ይቅር በል ተባልኩ፣ ይቅር አልኩ። እርሳ ያለኝ ግን የለም።

ስድቡን ተዉት፤ ለምጄዋለሁ። የጎዳኝ "ያስታውቅ ነበር" የሚለው ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት እየቆምኩ ፊቴን መፈተሽ ጀመርኩ። ምኑ ነው ያስታወቀው? ዐይኔ ነው? ከንፈሬ ነው? ሁሉም ሲያየው እኔ ብቻ እንዴት ሳላየው ቀረሁ? ከስኳሩ ይልቅ ይህ አከሳኝ።

እንግዲህ ስለ አንዲት ሴት ልንገራችሁ። ኮት ልትሰፋልኝ ስትለካኝ ራሷ ያጫወተችኝን ነው።

ዱራሜ ውስጥ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። አስም አለባት። ሳቋ ከስፌት መኪናዋ ድምፅ በላይ ይሰማ ነበር። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ምርቃት ላይ ስትስቅ ቆይታ አፈናት። ትንፋሿ ሲመለስ፣ ኤርጎጌ የምትባለው የባሏ እህት "ብዬ ነበር፤ እንደዚያ ስትስቂ ያስታውቅ ነበር" አለቻት። ሴትየዋ ሳቋን ቀነሰች።

ደግሞ አፈናት። "ብዬ ነበር፤ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ከፍተሽ መቀመጥሽ ነው።" መስኮት ተወች። ደግሞ አፈናት። "ብዬ ነበር፤ በባዶ እግርሽ ሲሚንቶ መርገጥሽ ነው።" እሱንም ተወች። እያደር የኤርጎጌ አፍ እንኳ አላስፈለጋትም፤ የገዛ ልቧ ቀድሞ "ያስታውቅ ነበር" ይላት ጀመር። በሽታው አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። ፍርሃቱ ግን በየማለዳው ቀድሟት ይነሣል።

ኤርጎጌን ክፉ እንዳታደርጓት። ሴትየዋ ስትታመም ጀርባዋን እያሸች የምታስታምማት እሷ ናት። ክፉ ብትሆንማ ማን ይሰማት ነበር?

የኤርጎጌ ልጅ ልታገባ ሆነ። ሰርጉ አንጋጫ ነው፣ ደጋው ላይ፣ ብርዱ ጋ። የሙሽራዋን ቀሚስ የሰፋችው ይህችው ሴት ናት፤ ዶቃውን አንድ በአንድ በእጇ የሰካችው እሷ ናት። ቀሚሱን ሰፍታ፣ ሙሽራዋ ለብሳው ሳታያት፣ ብርዱን ፈርታ ልትቀር ነው። እንዲህም ተብሎ ይኖራል?

ሐኪሟ ከአቧራና ከጭስ ተጠበቂ፣ የሚነፋውን መድኃኒት ከእጅሽ አትለዪ ብሏታል፤ እሱን ትጠብቃለች። ስለ ሳቅ ስትጠይቀውም መድኃኒትሽ ካለ ሳቂ ብሏታል።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ብርሃኑ ፊቷን እንዲያገኘው ደጃፉ ላይ ቆመች።

"ኤርጎጌ፣ ደህና አድርገሽ እዪኝ። ማታ የምትነግሪኝን አሁን ጠዋት ንገሪኝ።"

"ምኑን?"

"ዛሬ ቢያፍነኝ ማታ 'ያስታውቅ ነበር' ትይኛለሽ። የሚያስታውቅ ከሆነ አሁን ፊቴ ላይ መኖር አለበት። ካለ ንገሪኝ፣ እቀራለሁ።"

ኤርጎጌ ዐይኗን አየች፣ ከንፈሯን አየች፣ ጀርባዋ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ አዳመጠች። ሰማዩን ሳይቀር አየች።

"ምንም የለም" አለች። "እንዲያውም የሙሽራ እናት የምትመስይው አንቺ ነሽ፤ እኔማ የድንኳን ጠባቂ መስያለሁ።"

"እንግዲያው እንሂድ።"

ሄደች። መስኮት ከፍታ ተቀመጠች። ሚዜው ኬኩን ተሸክሞ ሲደናቀፍ ድንኳኑ እስኪሞላ ሳቀች።

ወደ ማምሻው አፈናት። እንዳላፈናት አድርጌ ባወራላችሁ ደስ ባላችሁ ነበር፤ ግን አፈናት። መድኃኒቷን ወሰደች፣ ወጣ ብላ ወንበር ላይ ጎንበስ አለች፣ ቀስ በቀስ ትንፋሿ ተመለሰ። ኤርጎጌ ጀርባዋን እያሸች፣ እያለቀሰች፣ "ብዬ ነበር" አለች። "ጠዋት ፊትሽ ገርጥቶ ነበር፤ በዐይኔ አይቻለሁ።"

አሁን ስሙኝ። ኤርጎጌ ዋሸች? አልዋሸችም። የማታው ድንጋጤ ወደ ኋላ ተመልሶ የጠዋቱን ፊት ቀለም ቀባው። እሷም የተቀባውን አየች፣ ያየችውንም አመነች።

ሴትየዋ ቁርጥ ቁርጥ በሚል ትንፋሽ "የጠዋቱማ የሙሽራ እናት ፊት ነበር" አለቻት።

ኤርጎጌ እጇ ጀርባዋ ላይ ቀጥ አለ። ከዚያ አስታወሰች። ቀድማ የሳቀችውም እሷው ናት።

እኔ ይህችን ሴት አደንቃታለሁ። አልዳነችም፤ ዛሬም አስም አለባት። ግን ሳቋን አስመለሰች። ስንቱ ጤነኛ ነው ሳቁን ያስመለሰ?

እናንተስ? ስኳር ያለባችሁ፣ ግፊት ያለባችሁ፣ ልጃችሁ የሚጥል በሽታ የያዘው፣ "እንዴት ቀድሜ አላወቅኩም" እያላችሁ ራሳችሁን የምትገርፉ፣ ያን ዕለት ጠዋት ማን ነገራችሁ? የዛሬን ዐይን ይዞ ትናንት ላይ የቆመ ማን አለ? ሐኪም ያዘዛችሁን ጠብቁ፣ መድኃኒታችሁን አትዝለሉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን፣ በማታ ፍርሃት የጠዋት ፊታችሁን አትክሰሱት። እናንተ አስታማሚዎችም "ብዬ ነበር" ልትሉ ስትሉ፣ ጠዋት ያላችሁትን አስታውሱ። ነገን የሚያውቅ አንድ እሱ ብቻ ነው፤ እሱም የወደቀውን ሲያነሣ "ብዬ ነበር" አይልም።

ዛሬ ስመጣ አቶ ላምቤቦ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ "ዛሬስ ፊትህን አልወደድኩትም" አለኝ።

ቁርሴን በልቻለሁ፤ መርፌዬን ወስጃለሁ። ከረሜላዬ ኪሴ ውስጥ ነው። ያለፈው ሰንበትም እንዲሁ ብሎኝ ነበር፤ አልወደቅኩም፤ ማታ መጥቶ ተሳስቻለሁ አላለኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁት መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

ኮቴን አስተካከልኩና፣ እሷ የሰፋችልኝን፣ አንድም ቃል ሳልመልስለት አልፌው ገባሁ።