ሁለት ካሜራና የእናት ፊት

ካሜራ መግዛት የፈለገ አንድ ሰው ነበረ። በአንዲት መካከለኛ ከተማ ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ ኖሮ፣ የዱቄቱ ብናኝ ደረቱን እያስቸገረው ቢሄድ ሐኪሙ «ሥራ ለውጥ» አለው። ይህ ሰው ፎቶ ማንሳት ይወዳል። የጎረቤቱን ክርስትና፣ የዘመዱን ምርቃት በስልኩ እያነሳ ሲሰጣቸው «እጅህ ጥሩ ነው» ይሉት ነበር። ስለዚህ ከሚስቱ ጋር ተማከረና፣ ያጠራቀሙትን አውጥቶ ካሜራ ሊገዛ፣ ከእንግዲህ ፎቶ በማንሳት ሊያድር ወሰነ። ያጠራቀሙት ግን ለአንድ ካሜራ እንጂ ለሁለት የሚበቃ አልነበረም። ተሳስቶ ከመረጠ ተመልሶ ወደ ወፍጮው መግባቱ ነው፤ ደረቱ ደግሞ ወፍጮውን አይችለውም።

በዚያች ከተማ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጡ አንድ ነጋዴ ነበሩ፤ ሰው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ሰውየው ሱቃቸው ገብቶ ለጀማሪ የሚሆን ካሜራ ጠየቀ። ሐጂም ከመደርደሪያው ሁለት አወረዱለት። ሁለቱም ባለሙያዎቹ ሚረርለስ የሚሏቸው፣ እንደ ድሮዎቹ ሆዳቸው ውስጥ መስታወት የሌለባቸው፣ ትንንሽና ቀላል ካሜራዎች ነበሩ። ዋጋቸውም ያው ነው። የመጀመሪያው ከጀርባው ዓይን የሚደገፍባት ትንሽ መስኮት አለችው፤ የሚሮጥ ልጅ እንኳ ሳይደበዝዝበት ይይዛል። ሁለተኛው መስኮት የለውም። በምትኩ ከጀርባው ያለው ስክሪን እንደ መጽሐፍ ሽፋን ይገለጥና ወደ ጎንም ወደ ላይም ይዞራል።

ሰውየው አንዱን አነሳ፣ አስቀመጠ። ሌላውን አነሳ፣ አስቀመጠ። ደንበኛ ገብቶ ወጣ፣ ሌላም ገብቶ ወጣ፤ እሱ እዚያው ቆሟል።

«ልጄ፣ ሚስትህን ስትመርጥም እንዲህ ነው የቆምከው?» አሉት ሐጂ።

«ኧረ እሷ ናት የመረጠችኝ» አለ ሰውየው አፈር ብሎ።

ሐጂ ሳቁ። ከዚያ ሁለቱንም ካሜራ በየመያዣቸው ከተው ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት። «በል ሁለቱንም ይዘህ ሂድ። ቅዳሜና እሑድን ሞክራቸውና ሰኞ አንዱን ትመልስልኛለህ።»

ሰውየው በትክክል የሰማ አልመሰለውም። ኪሱን ዳብሶ መታወቂያውን አወጣና መያዣ ይሁን ብሎ ዘረጋላቸው። ሐጂ አልተቀበሉትም። «ስንት ዓመት እህሌን ስትፈጭልኝ ጎደለ ብዬ አላውቅም» አሉት።

በዚያ ቀን ሰውየው ወደ ቤቱ ሲሄድ በመንገድ ያገኘውን ሁሉ ቆሞ ሰላም ይል ነበር። በሰው ዘንድ የታመነ ሰው መሆኑን እስከዚያች ሰዓት ድረስ አስቦት አያውቅም።

ቅዳሜን ከአንድ ባልንጀራው ጋር ካሜራዎቹን ሲፈትኑ ዋሉ። ባልንጀራው የኳስ ፍቅር ያለበት፣ እሱም ካሜራ ሊገዛ ያሰበ፣ ስለ ካሜራ የተባለውን ሁሉ በስልኩ ሲያዳምጥ የከረመ ሰው ነው። የግቢውን ግድግዳ በአንዱም በሌላውም አነሱ። የባሕር ዛፍ ቅጠል አነሱ። ከመንገዱ ማዶ ያለውን የመድኃኒት ቤት ጽሑፍ አነሱ። ከዚያ ፎቶዎቹን እያሰፉ ጎን ለጎን አዩ። የመጀመሪያው ካሜራ ጽሑፉን ቁልጭ አድርጎ አውጥቶታል፤ ሁለተኛው ጠርዝ ጠርዙ ላይ ደብዘዝ ይላል።

«አለቀ ደቀቀ» አለ ባልንጀራው። «ይህንን መስኮት ያለውን ግዛ።»

«ይኼኛው ግን አያያዙ ይመቻል።»

«ለመያዝማ ድንችም ይመቻል። ስማኝ፣ መስኮት የሌለው ካሜራ ይዘህ ሠርግ ቤት ብትሄድ ሰው ስልክ የያዝክ ነው የሚመስለው። ማን ሥራ ይሰጥሃል?»

ይህ ነገር ሰውየውን አሳሰበው። የሚስቱ ፊት መጣበት፣ ወፍጮው መጣበት። ሲለያዩ ልቡ ወደ መጀመሪያው ካሜራ አዘንብሎ ነበር። ነገሩን ለመጨረስ የቀረው ሰኞ መድረሱ ብቻ ነው።

እሑድ ዕለት እንደ ልማዱ እናቱን ሊጠይቅ ወደ ገጠር ወጣ። ካሜራዎቹንም ይዟቸው ሄደ። ሊሞክራቸው ብሎ ሳይሆን፣ ልጆቹ እንዳይነካኩበት ፈርቶ ነው።

የእናቱ ግራ ጉንጭ የቃጠሎ ጠባሳ አለበት። ትንሽ ልጅ ሳለች የፈላ ውኃ ተደፍቶባት ነው። ቆዳው ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ ተጨማዶ፣ አፏንም ወደ አንድ ወገን ትንሽ ሳብ አድርጎታል። ልጇ ይህን ፊት ሲያይ ስላደገ ጠባሳው አይታየውም። ሌላው ሰው እንዲያየው ግን እሷ አትፈልግም። ሙሉ ፊቷ የሚታይበት አንድ ፎቶ የላትም። ልጇ ሲዳር እንኳ ከሰልፉ ጫፍ ቆማ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባው ነበር። አልበሙን የሚያዩ እንግዶች «እናትህ የትኛዋ ናት?» ሲሉት፣ በጣቱ ጠቆም አድርጎ ቶሎ ገጹን ይገልጠዋል።

ሲደርስ እናቱ ከደጃፏ ጥላ ላይ ተቀምጣ ዛላ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ጉልበቷን ሳመ፤ እሷም ግንባሩን ሳመችው። ስለ ልጆቹ ጠየቀችው፣ ስለ ደረቱ ጠየቀችው። አጠገቧ ሲቀመጥ የጠዋት ፀሐይ ከበርበሬው ክምር ላይ አርፋ ቅላቱ ፊቷን ያሞቀው ይመስል ነበር። ምን ያህል ታምራለች ብሎ አሰበ። ሳያስበውም የመጀመሪያውን ካሜራ አውጥቶ ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

እናቱ አልተቆጣችም፣ ወሬዋንም አላቋረጠችም። በርበሬ የነካው እጇ ዓይኗን እንዳያቃጥላት በክንዷ ነጠላዋን ሳብ አደረገችና ጉንጯን ሸፈነች። ልክ ፀሐይ እንደሚከላከል ሰው። ካሜራውን ዝቅ ሲያደርግ ነጠላው ወረደ። ከፍ ሲያደርግ ነጠላው ተነሳ። ሰውየው ይህን ነገር ዕድሜውን ሁሉ ሲያየው ኖሯል፤ ለምን ብሎ ግን አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም። ታፍራለች ብሎ ብቻ ትቶት ነበር።

ካሜራውን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«እማዬ፣ ፎቶ ለምን ትጠያለሽ?»

«ማን ፎቶ ጠላ? የልጆችህን ፎቶ ግድግዳዬ ላይ የደረደርኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ያንቺንስ?»

እናቱ አንድ ዛላ አነሳች፣ ቀነጠሰች፣ ወደ ክምሩ ወረወረችው።

«ልጅ ሆኜ፣ ቁስሉ ገና በደንብ ሳይሽር፣ አንድ እንግዳ ሰው መንደራችን መጣ» አለች። «ካሜራ ይዟል። ሊያነሳን ነው ብለን ተሰለፍን። እኔን ከመሀል ለይቶ አወጣኝና፣ አገጬን ይዞ አዞረኝና፣ ተጠግቶ ጉንጬን አነሳው። ጉንጬን ብቻ። ያን ጥቁር ነገር ፊቱ ላይ እንደ ደቀነ መጣ፣ እንደ ደቀነ ሄደ፤ መልኩን እንኳ አላየሁትም። ስሜንም አልጠየቀኝ። እኔ ደግሞ የዚያን ዕለት አዲስ ቀሚስ ለብሼ ነበር። ቀሚሴን እንዲያነሳልኝ ነበር የፈለግሁት።»

ሰውየው ካሜራውን ወደ ኋላው ገፋ አደረገው።

«አንተም ያን ነገር ፊትህ ላይ ስታደርገው» አለች እናቱ፣ «ልጄ እንደሆንክ አውቃለሁ። ግን ምኔን እንደምታይ አላውቅም። እጄ በራሱ ነው የሚነሳው።»

እሱም እጁን ሰዶ ከክምሩ ላይ ይቀነጥስ ጀመር። ቅር ያለው በዚያ በማያውቀው እንግዳ ሰው ብቻ አልነበረም። ይህን ሁሉ ዓመት አጠገቧ ሲቀመጥ አለመጠየቁ ከነከነው። እንዲያም ሆኖ ዛሬ ነገረችው፤ በሕይወት እያለች፣ በገዛ አፏ ነገረችው። ለዚህ በልቡ ፈጣሪን አመሰገነ።

ቆይቶ እጁን ታጠበና ሁለተኛውን ካሜራ አወጣ። ስክሪኑን ወደ ላይ ገልጦ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«ይኼኛው ፊት ላይ አይደረግም» አላት። «እዚሁ ጭኔ ላይ ሆኖ ነው የሚያየው። ካልፈለግሽ አላነሳም፤ እመልሰዋለሁ።»

እናቱ ካሜራውን አየችው። «አንተስ በየት በኩል ታያለህ?»

«አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ አንቺ።»

«እስቲ ወደ እኔ እይ።»

አያት። እሷም ፊቱን ስትመረምር ቆየች፤ የልጇን ዓይን፣ ግንባሩን፣ ከአባቱ የወረሰውን አፍንጫ።

«ምን ይታይሃል?» አለችው።

«በርበሬ ያስለቀሳት አንዲት ሴት።»

እናቱ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ እጇን መሬት ላይ ተደግፋ ተነሳች። «ቆየኝ» ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ውኃ ሲፈስ ተሰማው፤ እጇን እየታጠበች ነው። ሳጥን ሲከፈት ተሰማው። ስትወጣ ለበዓል ገዝቶላት አንድም ቀን ለብሳው የማያውቀውን ቀሚስ ለብሳለች። ነጠላዋን እንደ ወትሮው ራሷ ላይ ሳይሆን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋዋለች። ከቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠችና ቀሚሱን በሁለት እጇ አስተካከለች።

«ቀሚሱንም ጨምረህ አንሳ» አለችው።

«ሙሉውን ነው የማነሳሽ።»

አነሳት። እያወራት አነሳት፣ እየሳቀች አነሳት። ዝም ስትልም አነሳት። እጇ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ጉንጯ አልሄደም።

ከዚያ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረላት። ባልንጀራው ቢያየው ይህ ፎቶ ጠርዙ ደብዝዟል፣ ፀጉሯም ስትስቅ ተንቀሳቅሷል ባለ ነበር። እውነት ነው። ጠባሳውም አለ፤ ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ አለ። ግን በፎቶው ውስጥ ያለችው አንዲት ቀሚሷ ያማረላት፣ የምትወደውን ሰው የምታይ ሴት ናት። እናቱ ፎቶውን ትኩር ብላ አየችው። የታጠበ ጣቷን ሰደደችና በስክሪኑ ላይ ያለውን ፊት ነካችው።

«እናቴን እመስላለሁ እንዴ?» አለች ቀስ ብላ። «መስታወት ሳይ ጉንጬን ብቻ ስለማይ፣ እናቴን መምሰሌን አላውቅም ነበር። ተመስገን።»

ልጇም ተመስገን አለ።

ሰኞ ጠዋት ሐጂ ሱቃቸውን ሲከፍቱ ሰውየውን ከበሩ ላይ ቆሞ አገኙት። ባለ መስኮቱን ካሜራ መለሰላቸውና ሌላውን ገዛ። «ምን አይተህ መረጥክ?» አሉት። የእናቱን ፎቶ አሳያቸው። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ተመለከቱት፤ ስለ ካሜራው አንድም ነገር አልጠየቁ። «እናትህን ሰላም በልልኝ» አሉት ብቻ። ሰውየውም ስላመኑት አመሰገናቸው። ያን ዕለት በሱቁ ውስጥ አንዱን እንዲመርጥ አስገድደውት ቢሆን ኖሮ የሚመርጠው ሌላ እንደነበረ ነገራቸው።

ያ ሰው ወደ ወፍጮው አልተመለሰም። ሥራው በአንድ ጊዜ ባይሞላለትም፣ ወሬው ቀስ እያለ ተዳረሰ። ከካሜራ ሲሸሹ የኖሩ ሰዎች ይፈልጉት ጀመር። ጥርሳቸው ያለቀ ሽማግሌ፣ አንድ ዓይኗ የሸወረረ ሙሽራ፣ እንግዳ ሲያይ የሚያለቅስ ሕፃን። እሱም ከፊታቸው ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ስማቸውን ይጠይቃል፣ ያጫውታቸዋል፤ ሲፈቅዱለት ያነሳቸዋል። ባልንጀራውስ? ባለ መስኮቱን ካሜራ ከሐጂ የገዛው እሱ ነው። የኳስና የብስክሌት ውድድር እያነሳ እሱም ሰው ሆነበት፤ ለሱ ሥራ ከዚያ የተሻለ አይገኝም። ሠርግ ሲመጣ አብረው ይሄዳሉ፤ ጭፈራውን ባልንጀራው ያነሳል፣ የተቀመጡትን አያቶች እሱ ያነሳል።

እንግዲህ ልጄ፣ ሁለት ካሜራ በስልክሽ አሳየሽኝና «የትኛው ይሻላል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ይህን የነገርኩሽ ሁለተኛውን ግዢ ልልሽ አይደለም፤ ባልንጀራው በመጀመሪያው እንጀራውን እንደበላበት ሰምተሻል። አንቺ አሁን ያለሽው ሰውየው ቅዳሜ በነበረበት ቦታ ነው። መልሱን ከግድግዳና ከቅጠል ትፈልጊዋለሽ፤ ይህኛው ይጠራል፣ ያኛው ይፈጥናል ትያለሽ። ግድግዳ ደግሞ ማንም ቢያነሳው ግድ የለውም። በዚህ ምሳሌ ውስጥ ያለችው እናት አንቺ ልታነሺው የምትፈልጊው ሰው ናት። ያ ሰው ማን እንደሆነ ግን ከመጣሽ ጀምሮ አልነገርሽኝም፤ የነገርሽኝ የካሜራዎቹን ስም ነው። አሁን ተነሺና ወደ እሱ ሂጂ። አጠገቡ ቁጭ በዪ፣ ፊቱን ከምን እንደሚሸሽግ፣ በምን ደስ እንደሚለው ጠይቂው። ሳይረፍድ የሚጠየቅ ሰው ስላለሽም አመስግኚ። ያን ጊዜ ምርጫው ይቀልልሻል፤ ወደ እኔም ስትመለሺ ለመጠየቅ አይሆንም፣ ፎቶውን ልታሳዪኝ ነው።